የዘንድሮው ክር

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ? የስፌት መኪናዋስ እንደ ባለቤቷ ታማርራለች ወይስ ዘይት ጠጥታ ዝም ብላለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ልማድሽ ቃሌን እያገላበጥሽ አትመርምሪው፤ የምሬን ነው።

ሥራዬ ያው ነው። ሰው ሁሉ ውጭ አገር ሲባል ብዙ ነገር ይመስለዋል። የእኔ ውጭ አገር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሦስት ክፍል ነው፤ አንዱ የእማማ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የማንም። ጧት አነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። ጆሯቸው አይሰማም፤ ስለዚህ በአማርኛ አወራቸዋለሁ። አንቺን ሁሉ አምቼሻለሁ። እሳቸውም ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እንዲህ በደንብ የሚያዳምጠኝ ሰው አላገኘሁም።

ክሮቹ የቁም ሳጥኔ በር ውስጠኛው ጎን ላይ ናቸው። አራት ሆነዋል። መጀመሪያ ዓመት “ልጄ ስንት ሴንቲሜትር ሆነች?” ብዬ ብጠይቅሽ “ቁጥር ምን ያደርግልሻል፣ ራሷን ልላክልሽ” ብለሽ ከተረከዟ እስከ አናቷ ለክተሽ ሰማያዊ ክር የላክሽልኝ ትዝ ይልሻል? ልብስ ልቀይር በሩን ስከፍት አራቱም ይወዛወዛሉ። ሁሌ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይደርሰኝ ነበር፤ የዘንድሮው ግን እስካሁን አልመጣም። ምነው?

ባለፈው ወር ክሮቹን ፎቶ አንስቼ ገጼ ላይ ለጠፍኳቸው። “የእኔ ሰንበሌጥ በአራት ዓመት እንዲህ ተመዘዘች፤ አክስቷ በየዓመቱ በክር ለክታ ትልክልኛለች” ብዬ ጻፍኩበት። ዘጠኝ መቶ ሰው ወደደው። ዘጠኝ መቶ! አንዷ “አስለቀስሽኝ” አለች። “ትደግልሽ”፣ “ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ” የሚለውን አንድ በአንድ እያነበብኩ ስመልስ ሻዬ ቀዘቀዘ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እነሱ ባይኖሩ እኔን ማን ያናግረኝ ነበር?

እሁድ እሁድ ስደውል ልጄ ቸኩላ ነው የምታወራኝ። “እሺ እማ፣ ደህና ነኝ እማ፣ ቻው እማ።” ፎቶ ላኪልኝ ስላት ትልካለች፤ ፎቶው ውስጥ ግን አትስቅም። ምን ሆናብኝ ነው? በስልክ እንዳልጠይቅሽ የእሷን ስልክ እሷው ናት የምታነሳው፤ ያንቺ ባለ ቁልፍ ደግሞ ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ለዚህ ነው ስለ እሷ ስናወራ ወረቀት የሚሻለን። ስልኩን አየሽ ብለሽ ግን አትቆጫት፤ የገዛሁላት እንዳትርቀኝ ብዬ ነው።

ታናሽሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለታናሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት ጉልበት ካገኘ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤ ግን የራሱን ደብዳቤ ሊጽፍልሽ ይፈልጋል።

ዘገየች ብለሽ አትቀየሚኝ። ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ቀይሮ ሰማንያ ሦስት ቀሚስ ላዬ ላይ ጥሎብኛል። ሰማያዊ ጨርቅ በሕልሜ ሁሉ ይመጣብኛል።

ሰንበሌጥ ደህና ናት። እንደ ቤት ስሟ ነው የወጣችው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ የምትል። ስልኩ ግን ከእጇ አይወጣም። “አንገትሽ ጎብጦ ይቀራል” ስላት “ያንቺስ መኪናው ላይ ጎብጦ የለ?” አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

ደግሞ ያችን ባልደረባሽን አመስግኚልኝ፤ እንዴት ያለች ቅን ሰው ናት! በሰንበሌጥ ስልክ ነው የምትጽፍልን። በሚመጣው ሰሞን ለእረፍት ስትመጣ ካንቺ የተላከ ልብስ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችንና “ልኳን ላኩልኝ” አለች። መጀመሪያ ጠርጥሬ ነበር። ኋላ ግን “እናቷ የዘንድሮውን ክር በጉጉት እየጠበቀች ነው” ስትል፣ ልጅቷንም ሰንበሌጥ ብላ ስትጠራት፣ ይህን ከቤታችን ሰው በቀር ማን ያውቃል ብዬ እጄን ሰጠሁ። ደረቷን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን ለካሁ። ሰንበሌጥም ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ ፎቶ ተነስታ ላከችላት። ልክ መውሰድ ሥራዬ ነውና በግማሽ ሴንቲ እንኳ አልተሳሳትኩም። ክሩንም ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ፤ ባልደረባሽ ስትመጣ ከእጃችን ተቀብላ ታደርስልሻለች። በዚህ ፖስታ ውስጥ ያጣሽው ለዚህ ነው።

“ለእናቷ እንዳትነግሯት፣ ሳታስበው ደስ እንዲላት ነው” ብላናለች። ግን እኔ ካንቺ የደበቅኩት ነገር መቼ ኖሮ ያውቃል? ምስጢር ሲሰጡኝ ሆዴ ይነፋል። ስለዚህ አውቀሽ እንዳላወቅሽ ሁኚ፤ ሲነግሩሽ ደግሞ እልል በይና ተደነቂ።

ታላቅሽ


ኅዳር 22 ቀን

እታለም፤

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ትናንት በስልክ የጮህኩብሽን ይቅር በዪኝ።

ደብዳቤሽን ታች ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ነበር የማነበው። “ባልደረባሽ” የሚለው ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ባልደረባ የለኝም። ይህን ሁሉ ዓመት እኔና እማማ ብቻ ነን። ከማን ጋር እሠራለሁ? ከመስኮቱ ጋር?

“ባልደረባ የለኝም፣ ሰንበሌጥ የት ናት?” ስልሽ መቀስሽ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ከዚያ “ቆይ” አልሽኝና ዘጋሽው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። መልሰሽ ስትደውዪ ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ “ቤት ናት። የትም አልሄደችም። ስልኩን ነጥቄአታለሁ። ሴትዮዋ ፎቶዋ ነጭ አበባ ነው፣ ሰው አይታይም። ሌላውን በወረቀት።” ሌላው ምንድን ነው? እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጠብቀው?

ዛሬ እማማ ሲያሸልቡ ስልኬን ከፍቼ ከማን እንደሰማች ልፈልግ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ጠርጥሬ ነበር፣ ይቅር በዪኝና አንቺንም ወሬኛ ናት ብዬ ጠርጥሬሽ ነበር። ለካ ከእኔ ነው። ልደቷን ለጥፌአለሁ፣ ከነቀኑ። በዩኒፎርም የተነሳችውን ለጥፌአለሁ፣ የትምህርት ቤቱ ምልክት ደረቷ ላይ እንዳለ። ያንቺን ሱቅ፣ ከአጠገቡ ያለውን ፋርማሲ ጭምር። ሰንበሌጤ እያልኩ፣ ናፈቅሽኝ እያልኩ። ብቻዋን ስትሆን እንደምትፈራ ሳይቀር ጽፌአለሁ፤ ሰው እንዲያጽናናኝ። ክሩንም እኔው ነኝ የተረክሁት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች ቢያነብ ልጄን ከእኔ በላይ ያውቃታል። አንድ ሰውም ቁጭ ብሎ አንብቧል።

ነጩን አበባ አገኘሁት። ክሮቹ ሥር “ትደግልሽ” ብለው ከጻፉት መሃል አለ። እኔም “አሜን፣ ያንቺንም” ብዬ መልሼለታለሁ።

እታለም፣ ስልኩን ሰባብሪው። ከእንግዲህ ስልክ የሚባል ነገር አታሳያት። ትምህርት ቤት አንቺው አድርሻት፣ አንቺው መልሻት። ፈጥነሽ ጻፊልኝ። እዚህ ቤት ግድግዳው ብቻ ነው የሚያየኝ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለታናሽ እህቴ፤

ለልብሽ ዕረፍት እመኝልሻለሁ፤ ለእኔም ለምኚልኝ። ፈጥነሽ ጻፊ ብለሽኝ ዘገየሁ። ያዘገየኝ ስፌት አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ያን ቀን ስልክሽን እንደዘጋሁ ጨርቁን መርፌው ሥር ትቼ፣ ሱቁን ሳልዘጋ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ወጣች። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቋን ሳይ እልህ ያዘኝ። ስልኩን ከእጇ መንጭቄ “ከማን ጋር ነው የምታወሪው!” ብዬ ጮህኩባት፤ ያውም በልጆቹ ፊት። መጨረሻ ላይ የተጻፈላት “ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ብቻሽን ነይ፣ አክስትሽ እንዳትሰማ” ይላል። ሁለት ቀን ነበር የቀረው። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ቤት ስንገባ ስልኩን ከመኪናው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ከአዝራሮቹ ጋር ቆለፍኩበት። ልጅቷም አብራ ተቆለፈች። አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። የሰጠኋትን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እኔም አኩርፌ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጋር ተኮራርፌ አንድ ጣሪያ ሥር ከረምኩ።

በኋላ ስልኩን ከሱቄ ፊት ለፊት ላለው ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩና “ያለበትን ሁሉ አጥፋልኝ” አልኩት። መልእክቶቹን አየና ፊቱ ተለወጠ።

“እንዳይነኩት እትዬ። ይሄ ማስረጃ ነው። ይሄንን ሰው ለመያዝ ያለው ነገር ይሄ ብቻ ነው። ልጅቷንስ ምን አደረጓት?”

“ስልኩን ነጠቅኳት።”

“ታዲያ የተቀጣው ማነው? እሱ ነው እሷ? ነገ ደግሞ ሌላው ቢያስቸግራት ለእርስዎ ትነግርዎታለች?”

ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ አፌን አስያዘኝ።

ታውቂያለሽ፣ የቀሚስ ጠርዝ ስይዝ ስፒሎቹን በከንፈሬ ነው የማስቀምጣቸው። የዩኒፎርም ቀሚሷ አጥሮባት ነበርና በዚያው ቀን ወንበር ላይ አቆምኳትና ተንበርክኬ እጥፋቱን መፍታት ጀመርኩ። ስምንት ስፒል አፌ ውስጥ ነበር። ከላይ ቁልቁል አየችኝ። አፌ መዘጋቱን አይታ ነው መሰለኝ፣ ጀመረች።

“ሴት እንዳልሆነ ካወቅኩ ቆየሁ” አለችኝ። “መጀመሪያ ጥሩ ነበረ። በየቀኑ ምሳ ምን በላሽ ይለኛል። ፈተና እንዴት ነበር ይለኛል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ፎቶ ላኪ አለኝ። እምቢ ስለው፣ ያን ሜትሩን ይዘሽ የተነሳሽውን ፎቶ ‘ሰውነቷን ልትሸጥ ነው’ ብዬ ለትምህርት ቤታችሁ ሁሉ እበትነዋለሁ አለኝ። ቅዳሜ ከመጣሽ ግን አጠፋዋለሁ አለኝ።”

በእኔ ሜትር ነው ያስፈራራት፣ እህቴ። እኔ በለካሁት። ያ በር ላይ ያየሁት ሳቋም የውሸት ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?” ብዬ ልጮህ ነበር፤ ስፒሉ አልፈቀደልኝም። ደግ አደረገ። ሳልጠይቃት ራሷ መለሰችው፤ “እንዳትነጥቂኝ ፈርቼ ነው። ስልኩ ከሄደ እማም ትሄዳለች።” ቀጥላም እንዲህ አለች፤ ልደብቅሽ አስቤ ነበር፣ ግን ምስጢር እንደማልችል ታውቂያለሽ። “እማ ግን ስትደውል የምትፈልገው ፎቶዬን ነው። እሱ ነበር ስለ እኔ የሚጠይቀኝ።”

በማግስቱ ስልክ ጠጋኙ ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጎልን፣ ይዘነው ፖሊስ ጣቢያ፣ የሕፃናት ጉዳይ የሚታይበት ክፍል ሄድን። የተቀበለችን ሴት ፖሊስ ናት። ወንበር ስባ ከሰንበሌጥ አጠገብ ተቀመጠችና መጀመሪያ ያለቻት “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” ነው። ሰንበሌጥ ያኔ አለቀሰች። ያን ቃል እኔ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አላሰብኩትም ነበር።

ሰውየው አልተያዘም። ነጩ አበባ ጠፍቷል፣ ስልክ ቁጥሩም አይሠራም። ሊያዝም ላይያዝም ይችላል አለችን። ፎቶውም እስካሁን ትምህርት ቤቱ አልደረሰም። ብቻዋን እንዳትሄድ ለአስተማሪዋ ተነግሯል፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ሰባብሪው ያልሽውን ስልክ አልሰበርኩትም፤ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖሊስ ዘንድ ነበር።

የዘንድሮው ክር የለም። ቆርጬ ያስቀመጥኩትን አግኝታ በመቀሴ ከትፋዋለች። ሜትር ሳነሳ ከክፍሉ ትወጣለች። አልነዘነዝኳትም።

ታላቅሽ


ጥር 12 ቀን

ለእታለም፤

ወገብሽን ይማርልሽ፤ የተንበረከክሽበትን ጉልበትሽንም።

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። “የምትፈልገው ፎቶዬን ነው” የሚለው ላይ ስደርስ አጥፌ እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔ እዚህ የሰው እናት እያጠብኩ የምኖረው ለማን ብዬ ነው አልኩ። ከዚያ አሰብኩት። እሁድ ስደውል ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዙሪው፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ፣ ቀና በይ እላት ነበር። ከደወልኩ በኋላ ፎቶውን ለጥፌ የሚመጣልኝን ቃል ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ከእሷ ጋር አሥር ደቂቃ፣ ከእነሱ ጋር ሁለት ሰዓት። እውነቷን ነው።

አጠፋሁት። ሁሉንም። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ እማማ ቀን ቀን ሲያሸልቡ እየጠበቅኩ፣ አንድ በአንድ። ሰዎቹ “ሰንበሌጥ የት ሄደች? ናፈቀችን” አሉኝ። አንዷማ ተቆጣችኝ፣ ልጅቷ የእሷም መስላት። በየሳምንቱ ሳከፋፍላት የኖርኩት እኔ ነኝ፣ በእነሱ አልፈርድም። መጨረሻ ላይ ገጹንም ዘጋሁት። አሁን ስልኬ አይጮህም። ጠዋት ስነሳ ደህና አደርሽ የሚለኝ የለም። ብቻዬን ነኝ፣ እታለም። ድሮም ብቻዬን ነበርኩ፤ አሁን ግን ይሰማኛል።

ለእማማ ነገርኳቸው። እንደ ሁልጊዜው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግን እጄን ያዙኝ፤ ምን እንደገባቸው አላውቅም።

እሁድ በባለ ቁልፉ ስልክሽ ደወልኩ፣ አቀበልሻት። ፎቶ አልጠየቅኳትም። “ምሳ ምን በላሽ?” አልኳት። ያ ሰው የጠየቃትን እንደጠየቅኳት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ምላሴን በነከስኩት! ስትቆይ ስትቆይ “ድንች” አለችኝ። “ጨው በዝቶበት ነበር። አክስቴ ናት የሠራችው።” ሳቅኩ። እሷም ትንሽ የሳቀች መሰለኝ።

ክር አልጠይቅም። ራሷ ካላለች አትለኪያት። ለእሷ የጻፍኩትን ለብቻው አሽጌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አታንብቢው። አውቅሻለሁ፤ ሆድሽ ቢነፋም አታንብቢው።

ታናሽሽ


የካቲት 9 ቀን

ለታናሽ እህቴ፤

ጤናሽ ይብዛ፤ ብቸኝነትሽ ይነስ። አላነበብኩትም። ሁለት ጊዜ ወደ ብርሃን ይዤው ነበር፤ ፖስታው ወፍራም ነው። ድንቹ ላይም ጨው አልበዛም። ልጅሽ ውሸታም ናት።

ስልኩ ተመልሶልናል። ቻርጅ የሚደረገው እዚህ ሱቅ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው። ሕጉን ራሷ ሰንበሌጥ በጠመኔ ጽፋ ግድግዳው ላይ አድርጋዋለች፤ የማናውቀው ሰው ከጻፈ ለአክስት ይታያል፣ አክስት ደግሞ አትጮህም። የመጀመሪያውን እሷ ታከብራለች፤ እኔን ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው። ባለፈው ሳምንት የማታውቀው ሰው “ሰላም ቆንጆ” ብሎ ጻፈላትና ራሷ አምጥታ አሳየችኝ። ስፒል አፌ ውስጥ ከትቼ አየሁት። ከዚያ እንዴት ብሎክ እንደሚደረግ አስተማረችኝ። አሁን እኔም እችላለሁ፤ ቀሚስ አሰፍተው ሂሳቡ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉኝን ደንበኞች ብሎክ የማደርግበት መንገድ አለ ወይ ብዬ ጠይቄአታለሁ።

ከዚህ ጋር ያለው የእሷ ነው። እኔ የክሩን ጫፍ ይዤላት ነበር እንጂ እጄ የለበትም።

ታላቅሽ


እማ፤

ጽሕፈቴ አስቀያሚ ነው፣ በብዕር መጻፍ አልወድም። ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩት። ስለሱ አሁን ማውራት አልፈልግም። ግን አልጣልኩትም፣ ደብተሬ ውስጥ ነው።

ክር ልኬልሻለሁ። ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ቁጥሩን አልጻፍኩም። ለማንም እንዳታሳዪ። እማማን ማሳየት ትችያለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ያንቺንም ላኪልኝ። ቁመትሽን ረስቼዋለሁ። ስትሄጂ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ያኔ ሁሉም ሰው ረጅም ነበር። በስልክ ደግሞ ፊትሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። አልጋዬ አጠገብ ሰቅዬ አንቺ ጋ ለመድረስ ስንት እንደሚቀረኝ አያለሁ።

ትናንት ምሳ ፓስታ በላሁ። አንቺስ?

ሰንበሌጥ


መጋቢት 6 ቀን

ለልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? አክስትሽን እጇን ሳሚልኝ፤ ይህን ደግሞ አንቺ ካልፈቀድሽ አታንብብ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ ክርሽ የደረሰኝ ቀን ምሳ የበላሁት ሩዝ ነው። ብቻዬን ስበላ ቆሜ ነው የምበላው። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ ከእማማ ጋር ተቀመጥኩና የጻፍሽውን አነበብኩላቸው። ክሩንም አሳየኋቸው። ከእሳቸው በቀር ያየው የለም። ፎቶ አላነሳሁትም።

ለካ ሰው ራሱን ብቻውን መለካት አይችልም። ጫፉን ተረከዜ ሥር ረግጬ ወደ ላይ ስስበው ይላላል፣ አናቴ ላይ ስይዘው ከተረከዜ ሥር ያመልጣል። ግማሽ ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ እማማ ወንበር ሥር ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። አንዱን ጫፍ አናቴ ዘንድ በምርኩዛቸው ተጭነው ያዙልኝ፤ ሌላውን እኔ እስከ እግሬ ሳብኩት። እማማ በሳቅ ፈረሱ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የቁም ሳጥኑን በር ከፈትኩና የእኔን ካንቺ አጠገብ፣ እዚያው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። የእኔ አጠረ። የተሳሳትኩ መሰለኝ፤ ተመልሼ ተጋደምኩ፣ እማማም ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ያው ነው። ያንቺ በሁለት ጣት ይበልጣል።

ስንት እንደሚቀርሽ ልታዪ ነበር፤ ምንም አይቀርሽም፣ ልጄ። አልፈሽኛል። መቼ እንዳለፍሽኝ አላውቅም። ያን ሁሉ ፎቶ ይዤ አላየሁትም።

በሩን ይዤ ብዙ ቆምኩ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ክሬን ልኬልሻለሁ። አጭር ናት ብለሽ አትሳቂብኝ።

የምመጣበትን ቀን አልነግርሽም፤ ገና አላወቅኩትም። ስመጣ ግን ጎንበስ ብለሽ ሳሚኝ።

እናትሽ